ቀለሙና ፓምፑ

የባቻችን ኮሚቴ ለዘንድሮው መገናኛ «ድርጅቶችን ጠይቀን አንድ የሕዝብ አዳራሽ እናሳድስ» ሲል ደስ ብሎኝ እጄን አወጣሁ። ወዲያው ግን ያደግኩባት ፍኖተ ሰላም ትዝ አለችኝና እጄን ዝቅ አደረግሁ።

ከተማችን ድሮ ወጀት ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያለፉበት መንገድ ላይ ስላለች ነው ይህን ስም ያገኘችው። ስሟን ንጉሥ ያውጣው እንጂ የእኛን ሰፈር የሚሰበስበው እድር ነበር። ድንኳኑ ሲቀደድ የሚያሰፋው፣ ወንበሩ ሲሰበር የሚያስጠግነው ያው በየወሩ መዋጮ የሚከፍለው ሰው ነው።

የኩባንያ ገንዘብ ለሕዝብ ቦታ ሲውል በአገራችን ትልቁን ድምፅ ያሰማው ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የተደረገው ገበታ ለሸገር ይመስለኛል። ለአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር! ዕቅዱ በአዲስ አበባ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት ነበር። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ገበታ ለሀገር ተባለና ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተራ ደረሳቸው። ሕጉም ለጋሹን ያበረታታል፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሕጉ ለተፈቀደ በጎ አድራጎት የተሰጠን ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ይፈቅዳል።

ይህ 10 በመቶ ሌላ 10 በመቶ ያስታውሰኛል። የአሜሪካው የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1929 ባለው ጊዜ በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል። ሰውየው ግን ዝም ብሎ አይሰጥም። ቦታውን ከተማው ያቀርባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ከስጦታው 10 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ከራሱ በጀት ለሥራ ማስኬጃ ይመድባል። በዚህ ያልተስማማ ከተማ ገንዘቡን አያገኝም። ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ዕዳው ከብዷቸው የተዉት ከተሞችም አሉ። እኔ ግን ብልህነቱን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛው አካባቢ አንድ ድርጅት፣ ስሙን ልተወው፣ አንድ አዳራሽ አሳደሰ። ሴራሚክ፣ ቀለም፣ በሩ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ። ዳቦ ተቆረሰ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በስድስተኛው ወር የውሃ ፓምፑ ተቃጠለ። ሽንት ቤቱ ተቆለፈ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ለክትባት ዘመቻ ስንጠቀምበት እናቶች ሕፃን አዝለው ከጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ይሄዱ ነበር። እጅ መታጠቢያ በሌለበት ቤት ቆሜ ስለ ተቅማጥ መከላከል አስተማርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሰምተው «ልጄ፣ ቢጠይቁን እኮ ለፓምፑ አዋጥተን እናስጠግን ነበር። የእናንተ ነው ያለን ግን የለም» አሉኝ።

የሰው ገንዘብ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እጅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ላይፕዚግ የሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ አገዘ። ልዩነቱ መምህራን መጥተው አብረው መክረማቸው ነው፤ ግድግዳ ብቻ ቢሰጡን ኖሮ ማን ሐኪም ይሆን ነበር?

ስለዚህ ኮሚቴው ለድርጅቶች ባረቀቀው ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር ጨምሬያለሁ፦ ለሦስት ዓመት የጥገና በጀት፣ እና ቁልፉን የሚይዝ የእድር ተወካይ። አንዱ የባቻችን ልጅ «ይህን ካየ ማን ይሰጠናል?» ብሎ ደውሎልኛል። እስከ ዛሬ እየተከራከርን ነው።