የቃሉ ተሸካሚዎች ዜና መዋዕል

ዘመናትን በሚያፈራርቅ፣ ትሑታንን ከትቢያ በሚያነሣ በእግዚአብሔር ስም ይህን ዜና መጻፍ እንጀምራለን። የምንጽፈውም የነገሥታትን ዘመቻና ምርኮ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ቃል ሌላ እምነት ባለው ጎረቤታቸው ፊት ያቀረቡ ሰዎች ያደረጉትንና የደረሰባቸውን ነው። ዓመቱም እንዳይምታታ ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፍነው።

ይህ የተጻፈበት አገር ሳጉሬ ነው፤ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የገብስና የስንዴ ደጋ። በዚህ አገር የአርሲ ኦሮሞ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤ የሚባለው የወንጌል አማኝ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ሠርግ ሲደገስ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ በየራሱ ይታረዳል፤ ለቅሶ ሲሆን ግን ድንኳኑ አንድ ነው። ጸሐፊው የወንጌል አማኝ ነው። ያመነውን ለጎረቤቱ መንገር የጌታው ትእዛዝ ስለ ሆነ ዝም ማለት አይችልም። ነገር ግን እንዴት ይናገር? ይህን ለማወቅ ወደ ቀደሙት ሰዎች ዜና እንመለስ።

ምዕራፍ 1። ስለ ነጃሺ መስማት

በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ነጃሺ ወደሚሉት ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የመካው የቁረይሽ ነገድ መኳንንትም እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹም እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ንጉሡ ግን እጅ መንሻውን አይቶ አልፈረደም፤ ስደተኞቹን በጉባኤ አቁሞ ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው። ጃዕፈር የሚባለውም ተነሥቶ ስለ ማርያምና ስለ ልጇ የሚናገረውን የቁርአን ክፍል አነበበ። ንጉሡም ጳጳሳቱም አለቀሱ፤ ስደተኞቹም በሰላም እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው።

እነሆ፣ በአገራችን የሁለቱ እምነቶች የመጀመሪያ ንግግር እንዲህ ሆነ። ክርስቲያኑ ንጉሥ አስቀድሞ ሰማ፤ ከሰማም በኋላ ፈረደ። እንግዳውንም አላስገደደም። ሙስሊም ወገኖቻችን ይህን ውለታ እስከ ዛሬ ይተርካሉ፤ ንጉሡ የሰበከው ስብከት ግን አይተረክም። የቆየው ጆሮው ነው።

ምዕራፍ 2። ስለ ሰይፍ ዘመን

ከዚህም በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ፤ መልካሙም ተረሳ። በ1529 ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ አፄ ልብነ ድንግልን ድል ነሣ። በ1543 እስኪሞትም ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም ነፍሳቸውን ለማዳን ሰለሙ። አገሩም ከቁስሉ ሳይድን፣ በ1878 አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ድሃው ሕዝብ ግን ሹም ፊት ክርስቲያን፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ሙስሊም ሆነ። እምቢ ያለውም ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጠልሐ ያሉትም ተዋጉ።

የአርሲም ነገር ከዚህ አይለይም። በ1886 በአዙሌ ጦርነት የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ዳርጌ ድል ካደረጉ በኋላ ክርስትና ወደዚህ ደጋ የመጣው ከጠመንጃና ከገባር ሥርዓት ጋር ነው። መስቀሉን የያዘውና መሬቱን የወሰደው በሕዝቡ ዓይን አንድ ሰው መስለው ታዩ። ስለዚህም የታሪክ ሊቃውንት እንደሚጽፉት፣ እስልምና ቀድሞ በአርሲ የነበረ ቢሆንም ከዚያ ሽንፈት በኋላ እጅግ ሰፋ፤ ተሸናፊው ከገዢው ሃይማኖት የሚለይበትን መጠጊያ ፈለገ።

በዚህ ምዕራፍ የሁለቱም ወገን እጅ ደም አለበት። ክርስቲያን ሆነን ስንናገር የኢማም አሕመድን ቃጠሎ ብቻ የምናስታውስ ከሆነ እውነተኞች አይደለንም። ጎረቤታችን ወንጌል ሲባል ቢደነግጥ፣ ከስብከታችን አስቀድሞ የአያቱ ዜና ስለ ደረሰው ነው።

ምዕራፍ 3። ስለ ሼህ ዘካርያስ ማስረዳት

በዚያው ዘመን ደግሞ እግዚአብሔር ሌላ መንገድ አሳየ። ሼህ ዘካርያስ የሚባሉ በ1845 ገደማ የተወለዱ የእስልምና መምህር በሰሜኑ አገር ነበሩ። በ1890ዎቹ ራእይ አየሁ ብለው ማስተማር ጀመሩ። በመጀመሪያ የፈለጉት የሙስሊም ወገናቸውን ኑሮ ለማደስ ነበር። ቁርአንን ሲመረምሩ ግን ስለ ዒሳ፣ ማለት ስለ ኢየሱስ፣ በተጻፈው ላይ ልባቸው ቆመ፤ ከዚያም ወደ ወንጌል ተሻገሩ።

የእኚህ ሰው አካሄድ ለእኛ ትምህርት ነው። ሊያስረዱት የወደዱት ሰው የሚያከብረውን መጽሐፍ አልሰደቡም፤ ነገራቸውን ከዚያው መጽሐፍ ጀመሩ። ሼሆችና ሊቃውንት ተቃወሟቸው፤ በሹማምንትም ፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ጥቅስ በጥቅስ ሆነ። በ1910 ደብረ ታቦር ላይ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ንዋየ ክርስቶስ ተባሉ። በ1920 ሲያርፉም ተከታዮቻቸው በሺህ ይቆጠሩ ነበር።

ከቦሩ ሜዳ እስከ ደብረ ታቦር ጥምቀት 32 ዓመት ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ንጉሥ አዘዘና ሕዝቡ በውጭ ብቻ ታዘዘ፤ በሼህ ዘካርያስ ጊዜ አንድ መምህር አስረዳና የሰሙት ወድደው ተከተሉ። ውኃው አንድ ሲሆን ፍሬው ለምን ተለያየ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ያመጣቸው ፍርሃት ነው፤ የኋለኞቹን ያመጣቸው መረዳት ነው።

ምዕራፍ 4። ስለ ሂካ መሸጥና ስለ ኦኔሲሞስ መተርጎም

አሁን ደግሞ የኦሮሞን ሕዝብ ቃሉን በቋንቋው ስላስነበበው ሰው እንጽፋለን። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ ቀድሞ ሞተ። ባሪያ ፈንጋዮችም ልጁን ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

ያ ሚሲዮን አስቀድሞ ከስዊድን የተነሣው ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶበት በቀይ ባሕር ዳርቻ ቀረ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ መድረስ ሲያቅታቸው የኦሮሞ ልጆች በሰንሰለት ታስረው ወደ እነርሱ ደረሱ። የሰውን ክፋት እግዚአብሔር እንዴት እንደሚመልሰው ከዚህ እንረዳለን፤ ፈንጋዩ ግን ከበደሉ አይነጻም።

ሂካ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስም ተባለ። ይህ ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የባሪያው ስም ነው፤ ጳውሎስም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ይቀበሉት ዘንድ የለመነለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንቱ ብለን እንጽፍላቸዋለን።

ኦኔሲሞስ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ተመልሰው ከሚስታቸው ከምሕረት ኃይሉ ጋር በሱዳን በኩል ወደ ወገናቸው ሊገቡ ሞከሩ፤ ፋመካ ከሚባል ስፍራ ደርሰው ተመለሱ። ዳግመኛም በታጁራ በኩል እንጦጦ ድረስ መጡ፤ ምኒልክ ግን እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ሁለት ጊዜ በር ሲዘጋባቸው እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ችግር ተነሣ። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ስለ ተወሰዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በብዙ ጎድሎባቸው ነበር። በ1886 ለባርነት ወደ ዐረብ አገር ሲወሰዱ የጣልያን መርከብ ያስጣላቸው የኦሮሞ ምርኮኞች ወደ እምኩሉ መጡ፤ ከእነርሱም አንዷ አስቴር ጋኖ ነበረች። የዚህች ልጅ የቋንቋ ዕውቀት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፤ 15 ሺህ ያህል ቃላት ሰበሰበች፤ 500 ያህል ዘፈንና ተረትም ጻፈች። በ1894 ሁለቱ አብረው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። የትርጉሙም ምንጭ አስቴር ከልቧ ያልጠፋው የእናቷ ቋንቋ ነበር።

በ1893 አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ። የተሸጠው ልጅ የስሙን ትርጓሜ ፈጸመ።

በ1904 ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ገቡ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። በኦሮምኛ ስላስተማሩ ሕዝቡ ወደዳቸው፤ ካህናቱ ግን ከሰሷቸው፤ በ1906 በኦርቶዶክሱ ጳጳስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ለፍርድ ቀረቡ። ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ስብከቱን ግን ተከለከሉ። አሥር ዓመት ታገሡ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ ሰጧቸው፤ እስከ 1931 ድረስም አስተምረው በነቀምቴ አረፉ።

በዚህ ሁሉ ኦኔሲሞስ የያዙት መሣሪያ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ስለ ሸጧቸውም ስለ ከሰሷቸውም ሰይፍ አልፈለጉም። ለሕዝባቸውም በባዕድ ቋንቋ አልተናገሩም።

ምዕራፍ 5። ስለ ኋለኛው ዘመን ባጭሩ

በ1937 ጣልያን የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የቀሩት አማኞች ከመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ አገኙ። ቃሉን ያዳረሱትም የአገሩ ገበሬዎች ነበሩ። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች አዋጅ አገሩን ለሚሲዮኖች ክፍት የሆነና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል ብሎ ለየ። ደርግም በመጣ ጊዜ ብዙ የወንጌል ቤቶች ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገደሉ። በ1995 በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ግን ማንም እምነቱን ሊከተልና ሊገልጽ ተፈቀደለት፤ ማንንም በእምነቱ ማስገደድም ተከለከለ። ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረገው ዳግመኛ እንዳይደረግ ሕግ ሆነ።

ምዕራፍ 6። ለሳጉሬ አማኞች የቀረበ ምክር

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። በ1960ዎቹ ስዊድናውያን የእርሻ ባለሙያዎች ደጋችን ወደነበረበት ወደ ጭላሎ አውራጃ በመጡ ጊዜ አዲሱን ዘር ወዲያው ለገበሬው አልበተኑም፤ አስቀድሞ በቁሉምሳ ማሳ እየዘሩ፣ ዋግ የሚያጠቃውንና የሚችለውን እየለዩ ፈተኑት። የአርሲ ገበሬ ያላየውን ዘር አይዘራም። ጎረቤታችንም እንዲሁ ነው፤ ቃሉን በእኛ ኑሮ ተፈትኖ ካላየው በእርሱ ማሳ አይዘራውም። በሚዛን የሚያጭበረብር፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር አማኝ በአደባባይ ቢሰብክ ማን ይሰማዋል?

ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን እናስብ። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ቀርቦ በመጀመሪያ ሰውየው የሚያነበውን ሰማ፤ ቀጥሎም ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ሠረገላው ላይ የወጣው ሲጋበዝ ነው። ንግግሩንም የጀመረው ሰውየው ከያዘው ከኢሳይያስ መጽሐፍ ነው። መስማት፣ መጠየቅ፣ እስኪጋበዙ መቆየት፣ ከዚያም ስለ ኢየሱስ ሳያፍሩ መናገር፤ ሥርዓቱ ይህ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝ፣ በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ብሎ አስተምሯል። የምንመልሰው ለሚጠይቅ ነው፤ እንዲጠይቀንም ኑሯችን ያነሣሣው።

ይህን ስንል እምነታችንን እንሸሽግ ማለታችን አይደለም። ክርስቶስ አዳኝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጎረቤቱን ወድዶ ይህን ቢሰውርበት ፍቅሩ ጎዶሎ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም የሚያምነውን በግልጽ ይነግረናል፤ ይህም ያስከብረዋል። እንናገር፤ ነገር ግን ኦሮምኛ የማንችል እንማር፤ ቁርአንን ሳናነብ ስለ ቁርአን አንፍረድ፤ በረሃብና በሕመም ያለውን ሰው በእርዳታ አስይዘን እምነቱን አንግዛ፤ የጎረቤታችንን ነቢይ በመሳደብ የጌታችንን ስም አናስሰድብ። ሰምቶ እምቢ ቢለንም ቡናውን አብረን እንጠጣ፤ ቢታመም እንጠይቀው፤ ቢሞት አስከሬኑን እንሸኝ። እምቢታው ጉርብትናውን አያፈርሰውም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዜና ስትዘጋ የምንለምንህ አንድ ነገር ነው። ቃሉን ለጎረቤትህ ልትነግረው ስትነሣ አስቀድመህ ደጁን አንኳኳ፤ ግባ እስኪልህም ቁም። የኦኔሲሞስ መጽሐፍ ወደ ሕዝቡ የገባው እንዲህ ነው፤ ሰይፍ ግን በገባበት ደጅ ሁሉ ልብ ተዘግቶ ቀርቷል።

ዜናው በዚህ ተፈጸመ።