የሚያዝያ ማርያም ድፎ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ንጉሥና ጦርነት ነው። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዳቦ ነው። አያቴ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ በየዓመቱ ሚያዝያ 21 ቀን ይደፉት ስለነበረ ድፎ።

ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። ዋናው መንገድ የተሰየመው በአርግዊንግስ ኮዴክ ነው። እሳቸው የኬንያ የመጀመሪያው ጥቁር ጠበቃ ነበሩ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ እንደሞቱ ተመዘገበ። በሰፈሩ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ የአገር ሰው አይጠፋም። እኛም ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ተሰደን እዚያ አንድ ክፍል ተከራየን።

ድፎው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ለብ ያለ ውሃ። በደንብ ታሽቶ ኩፍ እስኪል ይተዋል። አገር ቤት በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ ይደፋል። ናይሮቢ ኮባ ስላልነበረ አያቴ የሙዝ ቅጠል ከገበያ እየገዙ ሱፉሪያው ውስጥ ያነጥፉ ነበር። ከሥር የጂኮ ከሰል፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። እሳቱ ከላይም ከታችም ካልሆነ ድፎ አይባልም።

እኛ ልጆች ግን ቶርታ ነበር የምንፈልገው። እስቲ ቃሉን ልብ በሉ። ቶርታም፣ ፉርኖም፣ ፓስቲም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ከጓዳችን ቀረ። አያቴ "ቶርታው ለእናንተ፣ ድፎው ለኔ" ይሉን ነበር። ደግሞም ድፏቸው ወተትና እንቁላል ስለሌለው ለጾም ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለዋለ፣ የእሳቸው ቀን ሰኞ በሕማማት ላይ ወደቀ። ቶርታ የማይታሰብ ነበር፤ ድፎው ግን ተደፋ፣ ያለ ሻማ ተቆረሰ።

አያቴ "ልደት" አይሉትም፤ "የማርያም ዳቦ ነው" ይላሉ። እናታቸው በሚያዝያ ማርያም ስለወለዷቸው በየዓመቱ በዚያ ቀን ይደፉላቸው ነበር። ዓመቱንም በቃል ነገሯቸው፦ "አንቺ በተወለድሽ በሳምንቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።" ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አያቴ የተወለዱት ሚያዝያ 21 ቀን 1928፣ በፈረንጆች አፕሪል 29 ቀን 1936 ነው።

ካርዳቸው ላይ ግን "ጃንዋሪ 1፣ 1928" ተጽፏል። መዝጋቢው ቀኑን ስላላገኘ ጃንዋሪ 1 አለ፤ ዓመቱንም ሳይቀይር እንዳለ ጻፈው። አያቴ በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት አረጁ። ነገሩ ያስቃል፣ መዘዙ ግን አያስቅም። በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት ታላቅ ወንድማቸው በሌላ አገር በትክክል 1933 እ.ኤ.አ. ተብለው ተመዝግበው ስለነበር፣ እህታቸውን ለመውሰድ ሲያመለክቱ በወረቀት የአምስት ዓመት ታናሽ ሆነው ተገኙ። "ታላቅ ወንድም ነኝ ይላል፣ ወረቀቱ ግን ታናሽ ይለዋል" ተባለና ጉዳዩ ቆመ።

ያኔ አያቴ ያቀረቡት ምስክር ድፎው ነው። ማርያም ቀኑን ሰጠች፣ ጣሊያን ዓመቱን ሰጠ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ዓመቱ ታረመ። ቀኑ ግን ጃንዋሪ 1 እንደሆነ ቀረ። አያቴ እስኪያርፉ ድረስ ጃንዋሪ 1ን አንድም ዓመት አላከበሩም።

ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 የተወለድን ነን። የተሳሳተ ዕድሜ ተማሪን ከክፍሉ፣ ቤተሰብን ከቤተሰቡ ሊለይ ይችላል። መምህራን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ ስጡ። አያቶቻችሁን "መቼ ተወለዱ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አላውቅም" ነው የሚሏችሁ። ይልቅ "ያን ጊዜ ምን ይበላ ነበር? የማን በዓል ነበር? ያ ዓመት በምን ይታወሳል?" በሏቸው። ክርስቲያኑ በወር በዓል፣ ሙስሊሙ በረመዳን ወይም በአረፋ፣ ገበሬው በመኸር ይነግራችኋል። ከዚያ ዓመቱን ቀይሩ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ።

ሽማግሌዎቻችን ሳሉ ጠይቁ። ወረቀት ያላወቀውን ጓዳ ያውቀዋል።