ኃይሌ፣ «ስካትማን» እና የእኔ ይቅርታ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ጆሮ ማዳመጫዬን ከረሳሁ ከጂም በር ላይ እመለሳለሁ። ያለ ሙዚቃ እግሬ አይነሳልኝም። ስንፍና ነው እንዴ?»

የታሪክ መምህር መልሱ ታሪክ ነውና እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

የካቲት 1990 ዓ.ም.፣ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የቤት ውስጥ 2000 ሜትር ሊሮጥ ተዘጋጅቷል። አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ «ስካትማን» የሚባለውን ዘፈን በድምፅ ማጉያ እንዲለቁለት። ለቀቁለት። እርምጃውን ከዘፈኑ ምት ጋር እያስማማ በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን!

የዘፈኑ ባለቤት ጆን ላርኪን አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ ነበር፤ ዘፈኑም ስለዚሁ ነው። አንደበቱ የሚይዘው ሰው የሠራው ምት የኃይሌን እግር መራ። እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ኃይሌን እዚያ ያደረሰው የዓመታት ልምምዱ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። ዘፈኑ የጨመረለት እኩል ፍጥነትን ነው። ሯጭ አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ጉልበቱን ያባክናላ!

ነገሩ ከኃይሌም በፊት ተስተውሏል። ሌናርድ አይረስ የተባለ አሜሪካዊ በ1911 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በተካሄደ የ6 ቀን የብስክሌት ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎቹ ባንዱ ሲጫወት ዝም ካለበት ጊዜ ይልቅ እንደሚፈጥኑ አሳየ። በ1979 ዋልክማን መጣና ባንዱ ኪስ ውስጥ ገባ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በውድድር ላይ ጆሮ ማዳመጫ ከለከለ፤ ኋላ ላይ ለሽልማት ለማይሮጡት አላላው።

ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ሙዚቃ በመጠኑ ስንሮጥ ሐሳባችንን ከድካሙ ላይ ይሰርቅልናል። አቅማችንን አሟጠን ስንሮጥ ግን የራሳችን ትንፋሽ ዘፈኑን ይውጠዋል። የአገራችን ገበሬ ይህን የሚነግረው ጥናት አላስፈለገውም። ደቦ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ብቻውን ቢሆን ገና በጠዋቱ ወገቤን የሚለው ሰው፣ በዘፈኑ መሐል ሆኖ ማሳውን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ይቅርታዬ ልምጣ። ከዓመታት በፊት እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያላቸው ልጆች ሜዳውን እየዘፈኑ ይዞሩ ነበር። በመስኮት ብቅ ብዬ «በእግራችሁ ሩጡ እንጂ በአፋችሁ ማን ሩጡ አላችሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ዝም አሉ። ሁለት ዙር እንኳን ሳይሞሉ ሰልፉ ተበታተነ፤ ከኋላ የነበሩት ቆሙ። እኔም «ሰነፎች» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ታሪክ እያስተማርኩ ዓይኔ ሥር ያለውን ደቦ አላየሁትም።

ጠያቂዬ፣ አንተም ከኋላ ከነበሩት አንዱ ነበርክ። ስንፍና አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ይቅርታ አድርግልኝ። ዘፈንህን ክፈትና ሩጥ። አስፋልት ላይ ስትሆን ግን መኪናውን እንድትሰማ አንዱን ጆሮህን ነፃ አድርገው፤ የመምህር ነገር፣ ምክር ሳልጨምር አልተውህም።

እናንተስ? የእናንተ «ስካትማን» የትኛው ዘፈን ነው? እስቲ ከሥር ጻፉልኝ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ።