ሚያዝያ 27፦ በአንድ ዕለት የተገናኙ ታሪኮች



“ታሪክ በዛሬው ዕለት” የሚባሉ ዝርዝሮች በሬዲዮም በጋዜጣም የተለመዱ ናቸው። አንድ ዕለት ይመረጥና በዚያ ዕለት የተወለዱት፣ የሞቱት፣ ድል ያደረጉትና የተሸነፉት ይደረደራሉ። ማንበቡ ደስ ያሰኛል፤ የታሪክ ተማሪ ግን ሦስት ጥያቄዎች ሊያነሣ ይገባዋል። ዕለቱ አንድ የሆነው በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ነው? በዓል ያደረገው ማን ነው? በዚያ ዕለት በእኛ አካባቢ ምን ይደረግ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች በሚያዝያ 27 ላይ እንፈትናቸዋለን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ። ከተማይቱ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ግን በዚያ ዕለት አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ቀን ነው፤ በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ነበር። የእንግሊዝ አዛዦች በከተማው የሚኖሩትን ጣሊያናውያን ደኅንነት ምክንያት አድርገው ጉዟቸውን አዘገዩት። በመጨረሻ የመግቢያው ዕለት ከውርደቱ መታሰቢያ ጋር ገጠመ፤ የሽንፈት ቀን የነበረው የድል ቀን ሆነ። አራት ኪሎ ያለው አደባባይም በዚሁ ዕለት ተሰየመ።

በዓል ግን በሥልጣን ላይ ካለው መንግሥት ጋር ይለዋወጣል። ደርግ የድሉን በዓል ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ለይቶ ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በዛሬው አቆጣጠር ሚያዝያ 27 በፈረንጆች ሜይ 5 ላይ ይውላል፤ ሜይ 5 ደግሞ የካርል ማርክስ የልደት ቀን ነው። የማርክስን ትምህርት መመሪያዬ ያለ መንግሥት የመምህሩ ልደት ከሚውልበት ዕለት በዓሉን አነሣ ማለት ነው።

ይህ መገጣጠም ግን ሲመረመር አይጸናም። ማርክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው፤ ያን ዕለት የእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ዓ.ም. ነበር። ልዩነቱ የመጣው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1900 የየካቲትን 29ኛ ቀን ስለዘለለ ነው። የእኛ ጳጉሜን ግን በየአራት ዓመቱ ሳታጓድል 6 ትሆናለች። ዐድዋም እንዲሁ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆች ማርች 1 ነበር፣ ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው።

ከወልዲያ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ውጫሌን ያልፋል። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ሜይ 2 ነው። ከ47 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ለስደት የተነሡት እንደ ገና በሜይ 2 ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለቱ በአንድ ዕለት ይውላሉ፤ በእኛ ግን ሁለተኛው ሚያዝያ 24 ነው። አንዱ መዝገብ ያገናኘውን ሌላው ይለያየዋል።

የውጫሌን መንገድ ከያዝን ሦስተኛው ጥያቄ ይቀራል። ከማይጨው ጦርነት በኋላ የጣሊያን ጦር ከኮረም ወደ ደቡብ ገስግሶ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በማፈግፈጉ መካከል ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። አዲስ አበባ ስትያዝ እንግዲህ የሰሜን ወሎ ዋና መንገድ በጠላት እጅ ከገባ ሳምንታት አልፈው ነበር። በ1933ም ደሴ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ነው። አዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቷን ስትቀበል ግን በአምባላጌ ዋናው ማጥቃት ገና መጀመሩ ነበር፤ ከደሴ የተነሣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድም በዚሁ በእኛ መንገድ ወደ ሰሜን እንዲዘምት ተደርጓል። የአምባላጌ ጦር እጁን የሰጠው በግንቦት ነው፤ ጎንደር የወደቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 የአገር በዓል ነው፤ ለሰሜኑ ሕዝብ ግን የጦርነቱ መጨረሻ አልነበረም።

በቅርቡ ደግሞ በዚህ ዕለት ላይ ሌላ ትርጉም ተጨምሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሜይ 5ን የአፍሪካ የዓለም ቅርስ ቀን ብሎ ሰይሟል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነው ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ሰያሚው አካል የእኛን አርበኞች አስቦ አይደለም፤ ቢሆንም በዚህ አካባቢ ላለን ሰዎች ዕለቱ ሁለቱን መታሰቢያዎች ያገናኝልናል።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ ሥራ እተዋለሁ። ወደ ሐብሩ፣ ወደ መርሳና ወደ ወልዲያ አረጋውያን ሄዳችሁ፣ በቤተሰቦቻቸው ትውስታ ጣሊያን የገባው መቼ፣ የወጣውስ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ዕለቱን በቀን ቁጥር ሳይሆን በታቦት፣ በጾም ወይም በመከር ሊነግራችሁ ይችላል፤ እንደ ነገራችሁ ጻፉት። እነዚህ ትውስታዎች ሳይመዘገቡ ከቀሩ በእጃችን የሚቀረው የዋና ከተማው ቀን ብቻ ይሆናል።