ሐዲስ ዓለማየሁና የማጥበቂያው ነጥብ

ሐዲስ ዓለማየሁ (1902–1996 ዓ.ም.) በጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ደራሲ ሲሆኑ፣ ይበልጥ የሚታወቁት በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለዳቸው ነው።

ከካፋ ጋር

ከካፋ ምድር ጋር ያገናኛቸው ከጣልያን ወራሪ ጋር የተደረገው ጦርነት ነው። በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው ሠራዊት ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈግፍጎ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ካፋን በሰሜን በሚያዋስነው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከቦ እጁን ሲሰጥ፣ ሐዲስም ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ ወደሚባሉት የጣልያን ደሴቶች ተጋዙ። ያን ዘመን በስተርጅናቸው «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ልቦለዱን ትተው እንደ ዐይን ምስክር ጽፈውታል።

ነጥቡ

ፊደላችን የቃልን መጥበቅና መላላት አያሳይም። «ይመታል» የሚለው ቃል ሲላላ መቺውን፣ «መ» እና «ታ» ሲጠብቁ ተመቺውን ስለሚያመለክት፣ በጽሕፈት ብቻ በቀረበ ምስክርነት በዳይና ተበዳይ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ ቢባል ማጋነን አይመስልም። በንባብ ቤት ይህን የሚያቃናው የመምህሩ አንደበት ነው፤ ደቀ መዝሙሩ የግእዝ አነባበብ ዓይነቶች የሆኑትን ተነሹንና ተጣዩን፣ ወዳቂውንና ሰያፉን የሚቀበለው ከብራናው ሳይሆን ከመምህሩ አፍ ነውና። ልቦለድ የሚያነብ ሰው ግን ብቻውን ከመጽሐፉ ጋር ስለሚቀመጥ የሚያርመው መምህር የለውም። ሐዲስ በልቦለዳቸው በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ማኖራቸው፣ ይህን ጉድለት ከቅኔ ቤት ጀምሮ ስለሚያውቁት ይመስላል፤ ለዚህ ጸሓፊ እንደሚታየውም ነጥቡ የፊደል ጌጥ ሳይሆን የእውነት ጥንቃቄ ነበር። የኋላ ደራስያን ግን ብዙም አልተከተሉትም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውማ፣ ሊያጠብቅ የሚገባውን እያጠበቀ ሊያላላ የሚገባውን እያላላ ስላነበበው፣ የነጥቡን ሥራ ድምፁ ሠራው፤ አድማጩም ነጥብ መኖሩን ሳያውቅ ታሪኩን ሰማ።

በቦንጋ

የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊ ኖኖ ይባላል፤ «ኖኖ» አፍ ማለት ሲሆን፣ በዚህም ከአማርኛው የአፍና የቋንቋ ዝምድና ጋር ይመሳሰላል። ቋንቋው ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የሚጠብቀው ድምፅም ተደግሞ ይጻፋል። እንግዲህ የካፋዋ ከተማ የቦንጋ ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሲጽፍ መጥበቁን በዐይኑ ያያል፤ የአማርኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን «ይመታል» የሚለው ላይ ቆም ብሎ፣ መቺው ማን እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ይፈልጋል።