በነፋስ ስልክ የተላለፈው የሴቶች የሰላም ጥሪ

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ እቴጌ መነን አስፋው ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አደረጉ። ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ያሰሙት ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። ልዕልቲቱ ያን ጊዜ ገና 16 ዓመት አልሞላቸውም። ከኅዳር 26ቱ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ የወልወል ግጭት ወዲህ ኢጣሊያ በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሯን ስታከማች ከርማ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቅ ነበር። መረብን የተሻገረችው ከዚህ ንግግር 3 ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው።

ድምፅን ወደ ባሕር ማዶ የሚያደርሰው ኃይለኛ ጣቢያ የአቃቂው ነበር፤ የተመረቀውም በዚያው በ1927 ዓ.ም. ነው። የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ መሆኑን ስናስታውስ፣ ወራሪው ራሱ በተከለው ምሰሶ ላይ የተወራሪው አቤቱታ ወጣ ማለት ነው። ያ የሽቦ አልባ ዘመን በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ላለው ሰፈር ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በክፍለ ከተማ ስትዋቀርም ስሙ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሆነ።

የእቴጌይቱ ንግግር ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። ጦርነት ከጥፋት በቀር ፍሬ እንደሌለው፣ ባሏን፣ ወንድሟንና ልጇን የሚበላባት ሴት ዘርና ሃይማኖት ሳይለያት እንደምትጠላው ይናገራል። ከዚያም ወደ ኢጣሊያ እናቶችና ሚስቶች ይዞራል፤ እነርሱም ስለ ልጆቻቸውና ስለ ባሎቻቸው እንደሚጨነቁ ይመሰክርላቸዋል። የዓለም ሴቶችም ደም ሳይፈስ በአንድ ድምፅ እንዲጮኹ ይለምናል። ከሁለት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በሬዲዮ ለዓለም ተናገሩ። እኔ ግን ሁለቱን ሳስተያይ የእቴጌይቱን አስበልጣለሁ። በጠላት ጦር ጀርባ ያለችውን እናት ለይቶ አይቶ፣ እርስዋን የክሱ ተካፋይ ሳይሆን የልመናው ተካፋይ ማድረግ፣ ሊወረር 3 ሳምንት ከቀረው አገር የማይጠበቅ ትልቅነት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጥሪ ከውጭ የተቀዳ ልማድ አልነበረም። የላፍቶና የፉሪ አካባቢ የኦሮሞ ገበሬዎች መሬት ነበር፤ በኦሮሞ ሥርዓት ደግሞ ባለትዳር ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠበኛው እጁን መሰብሰብ ግዴታው ነው። ያንን ጥሶ መሻገር ነውር ብቻ ሳይሆን ካሣ የሚያስከፍል ጥፋት ነው። በሌላውም የአገራችን ክፍል ነጠላዋን አንጥፋ፣ ጡቷን አሳይታ የምትገላግል እናት እንግዳ አይደለችም። በ1927 ዓ.ም. አዲስ የሆነው ነገር ልማዱ ከመንደር ወጥቶ በሬዲዮ ሞገድ ባሕር መሻገሩ ነው።

ሆኖም ጥሪው ጦርነቱን አላስቆመም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በቤተ መዘክር የሚቀመጥ ያማረ ንግግር ብቻ ይሆን ነበር። ያላበቃው ከንግግሩ ጋር አብሮ ሥራ ስለነበረ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተመሠረተ። ልዕልት ፀሐይ ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበሩት የሰር ሲድኒ ባርተን ባለቤትም አብረው ይሠሩ ነበር። የመኳንንት ሚስቶች፣ የከተማው ሴቶችና የውጭ አገር ሰዎች ቤተሰቦች አንድ ላይ ተቀምጠው የቁስል መጠቅለያ ፋሻ ቆረጡ፣ ለዘማች ልብስ ሰፉ። የመርዝ ጋዝ ወሬ ከሰሜን ሲደርስ ደግሞ ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭምብል መስፋት ጀመሩ።

ስለ ጭምብሉ እውነቱን መናገር ይገባል። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በተከዜ በኩል የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥል መርዝ ነው። ባዶ እግሩንና እጁን ገልጦ ለሚዋጋ ወታደር፣ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን ጨርቅ ትንሽ ብቻ ነበር የሚያድነው። ጥፋቱ የሰፊዎቹ አይደለም፤ ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ የፈረመችውን የጋዝ ክልከላ ውል አፍርሳ ነው ያንን መርዝ ያዘነበችው። ቀይ መስቀልም ከለላ አልሆነም፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የስዊድን አምቡላንስ በመልካ ዲዳ ተደብድቦ በድንኳኑ ከነበሩት ቁስለኞች ብዙዎቹ አለቁ። ቢሆንም ሴቶቹ መርፌያቸውን አላስቀመጡም።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ በራሳቸው ስም ሁለተኛ ጥሪ ለእንግሊዝ ሴቶች አስተላለፉ። ይህኛው ከመጀመሪያው ይለያል። የፊተኛው ደም ሳይፈስ የሚለምን ሲሆን የኋለኛው በሴቶችና በሕፃናት ላይ ስለሚዘንበው ጋዝ የሚመሰክር ነው። ከወራት በፊት የእናቷን ቃል ታሰማ የነበረች ልጅ አሁን በራሷ ቃል የምትናገር ምስክር ሆናለች። መጋቢት 22 ቀን የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባች። በዚያው ቀን ለንደን ውስጥ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገተውን ጋዜጣዋን የመጀመሪያ እትም አወጣች። ያ ጋዜጣ 20 ዓመት ዘለቀ። የአዲስ አበባ ሴቶች ከዓለም ሴቶች መካከል ያገኙት ትልቁ ወዳጅነት ይህ ነው።

አገር ውስጥ የቀሩት ሴቶች ሥራ ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። በስዊዘርላንድ የተማሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በምዕራብ ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር ተቀላቅለው ቁስለኛ የሚያነሣ የቀይ መስቀል ቡድን አደራጁ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣሊያዋ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ፤ በስውር አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው ተሠቃዩ፤ እርሳቸውም አዚናራን አዩ፤ ሲመለሱ ግን ወደ ትግሉ ተመለሱ። ከእነዚህ ጋር ስንቅ ተሸክመው የዘመቱት፣ ቁስል ያጠቡት፣ ሬሳ የቀበሩት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም የላቸውም። የማኅበሩ ታሪክ ሲጻፍ የምናነበው የባለማዕረጎቹን ስም ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም ማዕረጉን አገኙ። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛ አልጋ ስታነጥፍ ማየት በዚያ ዘመን ለእንግሊዞቹም ለእኛም እንግዳ ነገር ነበር። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሰው በደሴ በሽተኛ አስታመሙ። አግብተው ወደ ለቀምት ሄዱ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሲልቪያ ፓንክረስትና ወዳጆቿ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ አደረጉ። ያ ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው፤ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙም አይርቅም። ሲልቪያ ራሷ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፤ ስትሞትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ልዩነት ይከፍለዋል፤ በፈቃድ የተሠራው አገልግሎትና በትእዛዝ የተሠራው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። ብዙ ወጣት አገሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ መሬት ላራሹን ያስረዳ፣ ፊደል ያስቆጠረ ሁሉ ይመሰገናል። ዳሩ ግን ዘመቻው ግዴታ ነበር፤ የዘመተውም ስለ አገሩ ፖለቲካ በነፃ የመነጋገር መብት አልነበረውም። ከመንግሥት የተለየ ሐሳብ ያነሣው ተሳደደ፣ ታሰረ፣ ተገደለ። በ1972 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም ብዙ ሴቶችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ስብሰባው ግን የሚናገረውን ከላይ የሚቀበል ነበር። ውይይት የሌለበት አገልግሎት ጉልበት ይሰበስባል እንጂ ሰላም አይሠራም። የ1927ቱ ማኅበር በመኳንንት የተመራ ቢሆንም እጁም ቃሉም የራሱ ነበር፤ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ዘመን የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ተቋቋመ፤ 11 ኮሚሽነሮችም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተሾሙ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተወካዮች በዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሰብስበው አጀንዳቸውን ሲያቀርቡ ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች መካከል ሴቶችና ወጣቶችም ነበሩ። በየክረምቱ ደግሞ እንደ ሌላው ክፍለ ከተማ ሁሉ በላፍቶም ወጣቶች የአቅመ ደካማ ጣሪያ ይለውጣሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ደም ይሰጣሉ። የሚናገረውና የሚሠራው ግን አሁንም በተለያየ አዳራሽ ነው። የአረጋዊቷን ቤት ጣሪያ የለወጠች ልጅ በሰፈሯ ያለውን ጠብ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በምክክሩ ወንበር የሚያስፈልገውም እርሷ የምታውቀው ነው።

ስለዚህ በላፍቶ፣ በሳሪስ፣ በጀሞ፣ በለቡና በሃና ማርያም ለምትሠሩ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት አንድ ልመና አለኝ። የውይይታችሁን ቃለ ጉባኤ ጻፉ። የእድር ጸሐፊ እንደሚያደርገው ሁሉ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ በምን ተስማማችሁ፣ በምን ተለያያችሁ የሚለውን ቀን አስገብታችሁ መዝግቡ። የሰፋችውንም፣ ምግብ ያበሰለችውንም፣ የተጣሉትን ያስታረቀችውንም ሴት በሙሉ ስሟ አስፍሩ። አንዱን ቅጂ በማኅበራችሁ፣ ሌላውን በወረዳው ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ።