የጦና ንቦች እና የመንደሩ ሜዳ

እንደሚታወቀው በወላይታ ገጠር ቀበሌዎች እግር ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ስም የለውም። ጠዋት ከብት የሚግጥበት የጋራ መስክ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲመለስ የኳስ ሜዳ ይሆናል። የግቡ ቋሚ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ኳሱም ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ የተቋጠረ ነው። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ከከተማ የተመለሰው ወጣት በዚሁ ሜዳ ከቀረው ጓደኛው ጋር ይገናኛል። የቀበሌው ቡድን ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ሲገጥም ሽማግሌው ሳይቀር ዳር ይቆማል። ሆኖም የነዚህ ቡድኖች ታሪክ በወረቀት አልሰፈረም። ከዞኑ ተነስቶ ታሪኩ የተጻፈለት ቡድን ወላይታ ድቻ ነው።

የአገራችን የእግር ኳስ ክለቦች ታሪክ የተጀመረው በከተማ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተመሠረተ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1936 ዓ.ም ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ በጥር ወር 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት ስመ ጥር የነበሩት ክለቦች በአብዛኛው የጦር ሠራዊቱ፣ የፋብሪካዎች፣ የባንክና የትልልቅ ከተሞች ነበሩ። የገጠሩ ወጣት ጨዋታውን የሚከታተለው ከሬዲዮ ነበር።

ወላይታ ድቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም በወላይታ ሶዶ ከተማ ነው። «ድቻ» በወላይትኛ ዕድገት፣ ልማት ማለት ነው። ደጋፊው ደግሞ ቡድኑን «የጦና ንቦች» ይለዋል። ካዎ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ሲሆኑ በ1887 ዓ.ም የዳግማዊ ምኒልክን ጦር የተቋቋሙ ናቸው። ንብን የሚያውቅ አርሶ አደር የስሙ ትርጉም አይጠፋውም። አንዷ ንብ ብቻዋን ብትመጣ በእጅ ትባረራለች፤ መንጋው ከተነሣ ግን በሬውም ቀንበሩን ጥሎ ይሸሻል።

አዲሱ ክለብ በታችኛው ሊግ ብዙ አልቆየም። በ2005 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማለፉን አረጋገጠ፤ በ2006 ዓ.ምም ከነቅዱስ ጊዮርጊስና ከነኢትዮጵያ ቡና ጋር መወዳደር ጀመረ። በ2009 ዓ.ም መከላከያን በመለያ ምት አሸንፎ የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሣ። በዚህም ድል የወላይታ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ወክሎ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመሳተፍ ዕድል አገኘ።

በ2010 ዓ.ም በመጀመሪያ ዙር የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አሰናበተ። ቀጥሎ የደረሰው ግን የግብጹ ዛማሌክ ነበር። ዛማሌክ የአፍሪካን የክለቦች ሻምፒዮና አምስት ጊዜ ያሸነፈ፣ ከተመሠረተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ክለብ ነው። ወላይታ ድቻ ደግሞ ገና የአሥር ዓመት ዕድሜ አልሞላውም ነበር። በአሠልጣኝ ዘነበ ፍስሃ የሚመራው ቡድን በሐዋሳ ስታዲየም 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት ወር በግብጽ በተደረገው የመልስ ጨዋታ ዛማሌክም በተመሳሳይ 2 ለ 1 ረታ። ውጤቱ እኩል በመሆኑ ወደ መለያ ምት ተሄደ፤ ወላይታ ድቻም 4 ለ 3 አሸንፎ አለፈ። በሚቀጥለው ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በዳሬ ሰላም 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ በሐዋሳ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም ሊያልፍ አልቻለም። ይሁንና የዛማሌክ ውጤት እስከ ዛሬ ከሰው አእምሮ አልወጣም።

ከዚህ ታሪክ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የሚያገኙት ቁም ነገር አለ። ተጫዋች በስታዲየም አይወለድም። ኳስን የሚለምደው በልጅነቱ፣ በሰፈሩ መስክ ላይ ነው። ይህ መስክ ደግሞ በወላይታ አደጋ ላይ ነው። ዞኑ በአገሪቱ የሕዝብ ብዛት ከሚበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት ያለው አርሶ አደር ብዙ ነው። ልጅ ሲያድግና ጎጆ ሲወጣ መሬት ይካፈላል፤ የጋራ መስኩም በየዓመቱ ከዳር ከዳር እየተቆረሰ በቆሎና ስኳር ድንች ይዘራበታል። የሚያርሰውን ሰው መውቀስ አይቻልም፤ ቤተሰቡን መመገብ አለበትና። ነገር ግን ሜዳው ከጠፋ በኋላ ወጣቱ የሚውልበት ቦታ አይኖረውም። ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የሚፈልሰውም ሲመለስ የሚሰባሰብበት ያጣል።

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ይህን መርህ በትንሽ ወጪ በሥራ ሊያውሉት ይችላሉ። የቀረው የቀበሌ ሜዳ በማኅበረሰቡ ስምምነት እንዲከለል መምከር፣ ከትርፍ ላይ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመደበው ገንዘብ ኳስና ማሊያ መግዛት፣ የቡድኑን ምሥረታ ዓመት፣ የተጫዋቾቹን ስምና ውጤቱን በማኅበሩ መዝገብ ማስፈር ከባድ ሥራ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን ማኅበር ይችለዋል።

ስለሆነም በጠቅላላ ጉባኤ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሲመከር፣ ስለ መንደሩ ሜዳም አንድ አጀንዳ ቢያዝ መልካም ነው። ንብ ያለ ቀፎ አይሰበሰብም።